የበዓል ድግስና የዘወትር እንጀራ

ጨዋታ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አዳራሹን፣ ጭብጨባውንና ዋንጫውን ነው እንጂ፣ ተጫዋቹ ማታ ከቤቱ ሲገባ ምን እንደሚበላና የቤት ኪራዩን በምን እንደሚከፍል አይደለም። ዳሩ ግን ጨዋታ መተዳደሪያ ሙያ ከሆነ ወዲህ ይህ ጥያቄ ከዋንጫው የሚያንስ ጥያቄ አይደለም። ዛሬ በዚህ ዓምድ ለተማሪዎች፣ ይልቁንም ነገ የስፖርት በጀት ከጠረጴዛቸው ላይ ለሚቀርብላቸው ወጣት ሹማምንት፣ ይህንኑ ጥያቄ በአንዲት ትንሽ ጨዋታ ምሳሌነት ልናነሣ አስበናል። ጨዋታዪቱም በየሰፈሩ ፒንግ ፖንግ እየተባለች የምትጠራው የጠረጴዛ ቴኒስ ናት።

እግር ኳስን የመሰለ ታላቅ ጨዋታ ትተን ይህችን ስለ ምን መረጥን የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ምክንያታችን እንደሚከተለው ነው። የእግር ኳስ ገንዘብ እንደ ክረምት ወንዝ ስለሆነ ወለሉ አይታይም፤ ትርፉም ኪሳራውም በጎርፉ ተሸፍኖ ያልፋል። የጠረጴዛ ቴኒስ ገንዘብ ግን እንደ በጋ ምንጭ ቀጭን ስለሆነ፣ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድና የት ላይ እንደሚደርቅ በዓይን መከተል ይቻላል። በትንሿ የታየው ሥርዓት ደግሞ ለትልቁም ይሠራል።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወሮች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የአንድ ሻምፒዮን ውሳኔ

በ2024 በፓሪስ በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር በነጠላ የጠረጴዛ ቴኒስ ጨዋታ የወርቅ ሜዳልያ ያገኙት፣ በወንዶች ፋን ዠንዶንግ፣ በሴቶች ደግሞ ቸን መንግ የተባሉ ሁለት ቻይናውያን ነበሩ። ፋን ዠንዶንግ ከዚያ አስቀድሞ በ2021 በሂውስተን፣ በ2023 ደግሞ በደቡብ አፍሪካዪቱ ከተማ በደርባን የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። ታዲያ ሁለቱም ወርቁን ካገኙ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በዲሴምበር 27 ቀን 2024፣ ከዓለም የደረጃ ሠንጠረዥ መውጣታቸውን ለሕዝብ አስታወቁ። ምክንያት ሆኖ የቀረበውም፣ በዓለም አቀፉ ዙር ውድድር ላይ ሳይገኝ የቀረ ተጫዋች የገንዘብ መቀጫ እንዲከፍል የሚያስገድደው ደንብ ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2025 አጋማሽ ላይ ፋን ዠንዶንግ ከፈረንሳይ ድንበር አጠገብ ባለችው በጀርመናዪቱ ከተማ በዛርብሩክን ከሚገኝ ክለብ ጋር ውል መፈረሙ ተሰማ። ዛርብሩክን የሕዝቧ ቁጥር 200,000 የማይሞላ ከተማ ናት። ክለቧ ግን በ2023፣ በ2024ና በ2025 በተከታታይ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ የወሰደ ብርቱ ክለብ ነው። እነሆ በታላላቅ ከተሞች፣ በብዙ መብራትና በብዙ ካሜራ ፊት ለትልቅ ሽልማት መጫወት የሚችል ሰው፣ በአንዲት መካከለኛ ከተማ አዳራሽ ውስጥ በደመወዝ መጫወትን መረጠ።

ይህ የአንድ ሰው ምርጫ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይቻል ነበር። እኛ ግን ከዚህ ምርጫ በስተ ጀርባ ሁለት ልዩ ልዩ የገንዘብ አሠራሮች ቆመው ይታዩናል። አንደኛው የዙር ውድድር ነው፤ እርሱንም የበዓል ድግስ ብለን እንጠራዋለን። ሁለተኛው ክለብ ነው፤ እርሱም የዘወትር እንጀራ ነው። የሁለቱን አካሄድ ተራ በተራ እንመልከት።

የድግሱ ሒሳብ

ዓለም አቀፉ የጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን የተመሠረተው በ1926 ነው። ለረዥም ዘመን የፌዴሬሽኑ ዋና ሥራ የዓለም ሻምፒዮናን ማዘጋጀት ነበር። በ1996 ግን ተጫዋቾች ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወሩ ለገንዘብ ሽልማት የሚወዳደሩበትን ፕሮ ቱር የተባለ ዙር አቋቋመ። በ2019 ደግሞ የጨዋታውን ንግድ የሚመራ ዎርልድ ቴብል ቴኒስ የሚባል ኩባንያ ፈጠረ፤ ኩባንያውም ውድድሮቹን ከ2021 ጀምሮ ማካሄድ ያዘ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ይኸውም በትልቁ ቴኒስ ዊምብልደንና እነርሱን የመሳሰሉት ውድድሮች ያላቸውን ክብርና ገቢ ለትንሿ ቴኒስም ለማስገኘት ነው።

በማርች 2022 በሲንጋፖር የተደረገው የመጀመሪያው ግራንድ ስማሽ ጠቅላላ ሽልማቱ 2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በነጠላ ጨዋታ አንደኛ የወጣው ወንድና አንደኛ የወጣችው ሴት እያንዳንዳቸው 100,000 ዶላር ተሸልመዋል። በዚህ ጨዋታ ታሪክ ይህ ገንዘብ ትልቅ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ዳሩ ግን ሒሳቡን ጠጋ ብለን እንመርምረው። በእንዲህ ያለው ውድድር በነጠላ ጨዋታ በአንደኛው ዙር 64 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። የተሸነፈ ስለሚወጣ፣ ከመጀመሪያው ግጥሚያ በኋላ 32ቱ ሻንጣቸውን ይሸክፋሉ። ከሁለተኛው በኋላ 16 ብቻ ይቀራሉ፤ ከሦስተኛው በኋላ 8። እንግዲህ ድግሱ ገና ሳይሞቅ ከ64ቱ 56ቱ ወጥተዋል ማለት ነው። ለእነርሱም የሚደርሳቸው ድርሻ ከአንደኛው ድርሻ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ከሁለት ሚሊዮኑ ውስጥ ሁለቱ ሻምፒዮኖች ብቻ አንድ ዐሥረኛውን ይወስዳሉ።

ይህ እንግዲህ የላይኛው ድግስ ነው። ከእርሱ በታች ኮንቴንደርና ፊደር የሚባሉ አነስተኛ ውድድሮች አሉ፤ ሽልማታቸውም እየወረደ ይሄዳል። የአውሮፕላኑ ትኬት፣ የሆቴሉ አልጋና የቪዛው ዋጋ ግን ከሽልማቱ ጋር አብሮ አይወርድም። ወደ ትንሹ ውድድር የሚበረው አውሮፕላን ወደ ትልቁ ከሚበረው ርካሽ አይደለም። ለምሳሌ ያህል አንድ ተጫዋች በዓመት ወደ 10 አነስተኛ ውድድሮች ይሄዳል ብለን እናስብ፤ ለእያንዳንዱም ጉዞ 1,500 ዶላር ያወጣል እንበል። ወጪው 15,000 ዶላር ነው። ይህ ተጫዋች በየውድድሩ ሁለት ሁለት ጊዜ አሸንፎ በሦስተኛው ቢሸነፍ፣ ጎበዝ ነው እየተባለ፣ ስሙም በሠንጠረዡ ላይ እየወጣ፣ ዓመቱን በዕዳ ሊጨርስ ይችላል። ልፋቱ እንደ ባለሙያ፣ ኪሱ ግን እንደ ተማሪ ይሆናል። አባቶቻችን ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚሉት እንዲህ ያለውን ሀብት ነው።

እንዲህ ከሆነ ለምን አይቀርም? እንዳይቀር የሚያደርገው የደረጃው ሠንጠረዥ ነው። በዚህ አሠራር የአንድ ተጫዋች ደረጃ የሚታወቀው በዓመቱ ውስጥ ባገኛቸው ስምንት የተሻሉ ውጤቶች ነው፤ አንድ ዓመት የሞላው ነጥብም ይወድቃል። ደረጃ የሌለው ወደ ትልቁ ውድድር አይገባም፤ በኦሊምፒክም ምቹ ቦታ ለማግኘት ደረጃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ተጫዋቹ ለሽልማቱ ሳይሆን ነጥቡ እንዳይወድቅበት ይጓዛል። በክለብ ሊግ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ቢያሸንፍ ለዚህ ሠንጠረዥ ምንም አይጨምርለትም። ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ የቀረውን በመቀጫ ማስገደድ ሲመጣ ነው እንግዲህ እነፋን ዠንዶንግ በቃን ያሉት።

የዘወትሩ እንጀራ ከየት ይጋገራል?

አሁን ደግሞ ወደ ክለቡ እንለፍ። ለዚህ ከጀርመን አገር የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። የጀርመን የወንዶች የጠረጴዛ ቴኒስ ቡንደስሊጋ የተጀመረው በ1966 ነው። በየክለቡ የተመዘገቡት አባላት ቁጥር ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነው፤ ክለቦቹም በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። አብዛኞቹ በሕግ የተመዘገቡ ማኅበራት ሲሆኑ አባላቱ መዋጮ ይከፍላሉ፤ አዳራሹ ብዙ ጊዜ የማዘጋጃ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ነው። ልጆችን የሚያሠለጥነው፣ ጠረጴዛ የሚዘረጋውና ቡና የሚያፈላው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ደመወዝ የሚያገለግል የሰፈር ሰው ነው።

ከዚህ ሰፊ መሠረት ላይ እርከን በእርከን እየተወጣ ወደ ቡንደስሊጋው ይደረሳል። በዚያ አንድ ግጥሚያ ሦስት ተጫዋቾች ከሦስት ጋር የሚገናኙበት ነው፤ አስቀድሞ ሦስት ነጥብ ያገኘ ቡድን ያሸንፋል፤ ሁለት ለሁለት ከሆኑ ጥንድ ጨዋታ ይለያቸዋል። ተመልካቹ በመቶ ወይም በጥቂት ሺህ የሚቆጠር ነው። በጠረጴዛው ዙሪያ በተተከለው አጥር ላይ የአካባቢው ፋብሪካ፣ የአካባቢው ባንክና የአካባቢው ነጋዴ ስም ተጽፎ ይታያል። ገንዘቡ የሚመጣው በዋነኛነት ከእነዚህ ደጋፊዎች፣ ከትኬትና ከመዋጮ ነው። በሚሊዮን የሚያስቆጥር አይደለም፤ ነገር ግን በየወሩ ይመጣል። ተጫዋቹ ዛሬ ቢሸነፍ በወሩ መጨረሻ ደመወዙን ይቀበላል። በሚቀጥለው እሑድም እንደገና ይጫወታል እንጂ ሻንጣውን ይዞ አይሰናበትም። ሠርግ የሚደግሰውና ቤት የሚከራየው፣ ልጅም የሚያሳድገው በዚህ ገንዘብ ነው።

ክለብ ደመወዝ ከመክፈል ሌላ አንድ ታላቅ ሥራ አለው፤ ሰው ያበቅላል። ቲሞ ቦል የተባለው ዝነኛ ጀርመናዊ ለዚህ ምስክር ነው። ልጁ ገና የ14 ዓመት ሳለ በ1995 የጎነርን መንደር ክለብ ወሰደው። ቤተሰቡን ትቶ ሩቅ አገር መሄድ ለዚህ ዕድሜ ከባድ መሆኑን የተረዱት የክለቡ ሰዎች፣ ልጁ ወደ እነርሱ እንዲመጣ ከማድረግ ይልቅ የቡድኑን የልምምድ ሥፍራ ወደ ልጁ መኖሪያ ከተማ ወደ ሆክስት አዛወሩት። የታላላቆቹ ቡድን ወደ ሕፃኑ ሄደ ማለት ነው። ይህ ልጅ በ2003 የዓለም አንደኛ ሆነ፤ የጎነርን ክለብም በ2005ና በ2006 የአውሮፓን የሻምፒዮኖች ዋንጫ አገኘ። ቦል በ2007 ወደ ዱሰልዶርፍ ክለብ ተዛውሮ በ2025 ራኬቱን እስኪሰቅል ድረስ በዚያ ተጫወተ። እንግዲህ ለአንድ ልጅ ሲሉ የልምምድ ሥፍራ የሚያዛውሩ ሰዎች የሚገኙት በክለብ ውስጥ ነው። የዙር ውድድር አዘጋጅ የሚጠራው የበቃውን ነው፤ ያልበቃውን ለማብቃት ጊዜውም ሥራውም አይደለም።

ለአፍሪካችንም ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ናይጄሪያዊው ኳድሪ አሩና ለራሱ መተዳደሪያ፣ ለሙያውም መሳያ ያገኘው በፖርቱጋልና በጀርመን ክለቦች ውስጥ ነው። በየሳምንቱ ከብርቱዎች ጋር ተጫውቶ ብርቱ ሆነ። በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ይኸንኑ ስሙን የጠራነውን ቲሞ ቦልን አሸንፎ ከስምንቱ አንዱ ለመሆን በቃ፤ ከአፍሪካ ተወላጆችም እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው ሆነ። በዚያ ቀን ዓለም ያየው አንድ የሪዮ ከሰዓት በኋላን ነው፤ ያንን ከሰዓት በኋላ የሠሩት ግን ማንም ካሜራ ያልቀረጻቸው ብዙ የክለብ ምሽቶች ናቸው።

ለሚዛን ያህል

ፍርድ ሲሰጥ የሁለቱም ወገን ቃል መሰማት አለበት። ስለዚህ ስለ ክለቡ ደካማነትና ስለ ዙሩ ደግነት ሳንናገር ብናልፍ ሚዛናችን የተዛባ ይሆናል።

የክለብ ትልቁ ሕመም በአንድ ምሰሶ ላይ መቆም ነው። ያ የጎነርን መንደር ክለብ፣ ሁለት ጊዜ የአውሮፓን ዋንጫ ያነሣው፣ ቦል ከሄደ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከከፍተኛው ሊግ ወጣ። በሩሲያ የኦረንበርግ ክለብ በታላቁ የጋዝ ኩባንያ በጋዝፕሮም ገንዘብ ተደግፎ የአውሮፓን ዋንጫ ደጋግሞ የወሰደ ነበር፤ ከጀርመን ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ የሆነው በኪየቭ የተወለደው ዲሚትሪ ኦፍቻሮፍ ለብዙ ዓመታት የተጫወተው በዚያ ነው። በ2022 ጦርነቱ ሲነሣ ኦፍቻሮፍ ክለቡን ለቀቀ፤ የሩሲያ ክለቦችም ከአውሮፓ ውድድር ተለዩ። አንድ ደጋፊ ብቻ ያለው ክለብ፣ ደጋፊው ሲያስነጥስ እርሱ ይታመማል። የጀርመኖቹ መካከለኛ ክለቦች ጥንካሬ ከብዙ ትንንሽ ደጋፊዎች መሰብሰቡ ነው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ።

ዙሩም የራሱ በጎነት አለው። ጨዋታው በቴሌቪዥን እንዲታይ የተደረገው ጥረት በአብዛኛው የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሥራ ነው። ኳሱ በ2000 ከ38 ሚሊሜትር ወደ 40 እንዲሰፋ፣ በ2001 ደግሞ የአንዱ ጨዋታ ነጥብ ከ21 ወደ 11 እንዲያጥር የተደረገው የተመልካቹ ዓይን እንዲከተለውና ጨዋታው እንዳያሰለች ታስቦ ነው። ከዚህም በላይ ጠንካራ ሊግ በሌለበት አገር የተወለደ ወጣት ዓለምን የሚገናኝበት በር ይኸው ዙር ነው። በሌጎስ ከተማ በ2023 የኮንቴንደር ውድድር ሲደረግ፣ የአፍሪካ ተጫዋቾች ባሕር ሳይሻገሩ የዓለም ነጥብ ለማግኘት ዕድል አግኝተዋል። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ክለብ ጨርሶ በሌለበት ምን እንደሚሆን ለማወቅ ደግሞ የአሜሪካዊውን የማርቲ ራይስማንን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በ1949 የእንግሊዝን ታላቅ ውድድር ያሸነፈው ይህ የኒው ዮርክ ልጅ፣ በአገሩ ደመወዝ የሚከፍል ሊግ ስላልነበረ፣ ከጓደኛው ከዳግላስ ካርትላንድ ጋር ሆኖ የሃርለም ግሎብትሮተርስ የቅርጫት ኳስ ቡድንን ተከትሎ ዓለምን ዞረ። ሁለቱ በዕረፍቱ ሰዓት ወጥተው ኳሷን በመጥበሻ ሳይቀር እየመቱ ሕዝቡን ያስቁ ነበር። በአገሩ ሲገኝም በውርርድ ገንዘብ እየተጫወተ ኖረ። እንዲህ ያለ ችሎታ የነበረው ሰው መጥበሻ ይዞ የዞረው ሌላ የሚኖርበት ስላጣ ነው። ሕዝቡ ሳቀ፤ ነገር ግን ከሳቁ በኋላ በየከተማው የቀረ ሊግ አልነበረም።

ማን ዘርቶ ማን ያጭዳል?

እንግዲህ ክርክሩ ክለብ ይኑር ወይስ ዙር ይኑር የሚል አይደለም። ሁለቱም ይኑሩ። ክርክራችን የወጪውና የገቢው ድልድል ፍትሕ ይኑረው የሚል ነው። ልጁን ከ10 ዓመቱ ጀምሮ የሚያሠለጥነው ክለብ ነው። በታመመ ጊዜ የሚያሳክመው፣ በተሸነፈ ጊዜ ደመወዙን የማያቋርጠውም እርሱ ነው። ዙሩ ተጫዋቹን በቅቶ፣ ስሙ ታውቆ፣ ተመልካች መሳብ ሲጀምር ይቀበለዋል። የቴሌቪዥኑ ገንዘብ፣ የትልቁ ማስታወቂያና የአስተናጋጇ ከተማ ክፍያ ወደ ዙሩ ይገባል። የክለቡ ድርሻ ግን የጨዋታ ቀኑን ማዛወርና ደክሞ የተመለሰ ተጫዋች መቀበል ይሆናል። ይህ የአንዱን ማሳ አዝመራ ሌላው የሚያጭድበት ሥርዓት ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ አጫጁ ለሚመጣው ዓመት ዘሩ ከየት እንደሚመጣ አለማሰቡ ነው።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም፤ በእግር ኳስ ዘንድ ተሞክሯል። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ከ2010 የዓለም ዋንጫ ጀምሮ ተጫዋቾቻቸውን ለሚልኩ ክለቦች ካሣ ይከፍላል። በ2022 በኳታር በተደረገው ዋንጫ ለዚሁ የተመደበው ገንዘብ 209 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የጠረጴዛ ቴኒስ ይህን ያህል የለውም፤ ይሁን እንጂ ከትንሽ ገንዘብም ትንሽ ድርሻ ማካፈል ይቻላል። ስለዚህ በበኩላችን ሦስት ነገር ተገቢ ይመስለናል። አንደኛ፣ ከሽልማቱ ገንዘብ ላይ ተጫዋቹን ላሳደጉትና በደመወዝ ለያዙት ክለቦች የተወሰነ እጅ ይሰጥ። ሁለተኛ፣ በዓመቱ መቁጠሪያ ላይ ለሊግ ብቻ የተተወና ዙሩ የማይነካው ወራት ይኑር። ሦስተኛ፣ ተጫዋች በሽልማት ይጋበዝ እንጂ በመቀጫ አይነዳ። ደግ ድግስ እንግዳ አያጣም፤ በግድ የተጠራ እንግዳ ግን ለደጋሹም አያምርም።

የጃፓኖችም አካሄድ ልብ ሊባል ይገባል። በጀርመን ቡንደስሊጋ የተጫወተው የመጀመሪያው ጃፓናዊ ኮጂ ማትሱሺታ ወደ አገሩ ሲመለስ ያሰበው ትልቅ ውድድር አዘጋጅቶ ዓለምን መጋበዝን አልነበረም፤ ልጆች በአገራቸው ደመወዝ እየበሉ የሚጫወቱበትን ሊግ ማቋቋም ነበር። ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ ቲ ሊግ የተባለው ሊግ በኦክቶበር 2018 ተከፈተ። ዋንጫ የለመደች አገር እንኳ ሊግ ያስፈልገኛል ብላለች።

ለእኛስ?

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል ወጣት ካለ ተሳስቷል። የእኛ ሯጮች ይህን ትምህርት ከማንም አስቀድመው በእግራቸው ያውቁታል። በውጭ አገር ጎዳናዎች የሚገኘው የማራቶን ሽልማት ብዙ ነው፤ ዳሩ ግን ለጥቂቶች ነው። የቀሩት ብዙዎቹ ልምምዳቸውን ሳያቋርጡ የሚኖሩት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን፣ መቻልን፣ ሙገር ሲሚንቶንና እነርሱን የመሰሉ ክለቦች በሚከፍሏቸው ደመወዝ ነው። ጉዳት ደርሶበት ዓመት ሙሉ የተኛ ሯጭ ስሙን የሚጠራለት የውጭ ውድድር የለም። የክለቡ የደመወዝ መዝገብ ግን ስሙን ይዞ ይቆያል።

በጠረጴዛ ቴኒስም የአፍሪካ ሻምፒዮና በኦክቶበር 2024 በአዲስ አበባ ተደርጓል። እንግዶች መጡ፤ ጨዋታው ታየ፤ የአገር ስም ተጠራ። በዚህ ደስ ይለናል። እንዲህ ያለ ውድድር ከክብሩ ሌላ ለዳኞቻችንና ለወጣቶቻችን ትምህርት ነው። ነገር ግን ከበዓሉ ማግስት የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው። በየሰፈሩ ከመንገድ ዳር በተተከለ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ጨዋታ ጥቂት ብር እየከፈለ ቀኑን ሙሉ ኳሷን ሲያንገጫግጭ የሚውለው ልጅ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ተነሥቶ የሚሄድበት ክለብ አለው ወይ? በዚያ ክለብ አሠልጣኝ አለው ወይ? አሠልጣኙስ በወሩ መጨረሻ ደመወዝ አለው ወይ? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች አዎን የሚል መልስ ካላገኙ፣ አዳራሹ ምንም ቢያምር፣ ልጁ ተመልካች ሆኖ ይቀራል እንጂ ተጫዋች አይሆንም።

ወጣት ሹማምንት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ! ነገ ሁለት ማመልከቻዎች ከጠረጴዛችሁ ላይ ይቀርቡላችኋል። አንደኛው ታላቅ ውድድር እናስተናግድ የሚል ነው፤ ወረቀቱ ያምራል፤ ቀኑ የተቆረጠ፣ የእንግዶቹ ስም የተዘረዘረ፣ ፎቶግራፍ የሚነሣበት ሥነ ሥርዓት ያለው ነው። ሁለተኛው ለአምስት ክለቦች የአሠልጣኝ ደመወዝና የአዳራሽ ኪራይ ለሦስት ዓመት ይመደብልን የሚል ይሆናል፤ ወረቀቱ ደረቅ ነው፤ ፎቶግራፍም አያስነሣም። የመጀመሪያውን መፈረም ይቀልላል። እኛ የምንለምናችሁ ሁለተኛውን ሳታነብቡ የመጀመሪያውን እንዳትፈርሙ ነው። ሁለቱን ማድረግ ከተቻለ መልካም ነው፤ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን ለዘወትሩ እንጀራ ይሁን። ዱቄት ያለበት ቤት በዓል ሲመጣ ይደግሳል፤ ዱቄቱን ሁሉ ለአንድ ቀን ድግስ የጨረሰ ቤት ግን እንግዶቹን ከሸኘ በኋላ ልጆቹን የሚያበላው ያጣል።

ያ የፓሪስ ባለወርቅ ከመብራቱ ወደ ዛርብሩክን አዳራሽ ሲገባ ይህንኑ አስቦ ይሁን ሌላ እኛ አንፈርድም። ያደረገው ነገር ግን ለብዙዎች ዓይን ከፍቷል። እርሱን ለማየት የመጣው ተመልካች፣ ከአገሩ ልጆች ከቻይናውያን ሳይቀር፣ ከዚህ በፊት ስሟን ሰምቶ ወደማያውቃት ከተማ ተጉዟል። ሰው የሚወድደው ተጫዋች ካለ የክለቡም አዳራሽ በዓል ይሆናል፤ ሕዝቡ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላም ክለቡ በማግስቱ በሩን ከፍቶ ልጆቹን ያሠለጥናል።